በአደጋ ለተጎዳ ጥርስ የመድን ካሳ መጠየቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተሰበረ እጅ ጠግኖ ሲድን የካሳው ፋይል አብሮ ይዘጋል። ጥርስ ግን እንዲህ አይደለም። በአደጋው ዕለት ምንም ያልሆነ የመሰለ ጥርስ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነርቩ ሊሞት፣ ሊጠቁር፣ ሥሩም ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ካሳ የሚገኘው ወይም የሚቀረው በመጀመሪያው ቀን በሐኪሙ ካርድ ላይ በተጻፈው ወይም ሳይጻፍ በታለፈው ነገር ነው። ከታች ያሉት መልሶች ውሎች በአብዛኛው የሚጋሯቸውን ነጥቦች የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እርስዎ የፈረሙት የመድን ውል ስለሆነ አጠገብዎ ይዘውት ቢያነቡ ይመረጣል።

ጥርሴ በአደጋ ተጎድቷል። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ልሂድ ወይስ ለመድን ድርጅቱ ላሳውቅ?

ያለ ምንም ጥርጥር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለአስቸኳይ ሕክምና የመድን ሰጪውን ፈቃድ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ውሎች በአብዛኛው ይቀበላሉ፤ እንዲያውም ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚቻለውን ማድረግ የመድን ገቢው ግዴታ ሆኖ ይጻፋል። የተመታው ሰው ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ካስመለሰው ወይም ግራ የመጋባት ምልክት ካሳየ ደግሞ ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱ ሊመረመር ይገባል።

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ጥርሱን አፍ ውስጥ በሚታየው ነጭ ክፍሉ ይያዙት እንጂ ሥሩን አይንኩት፣ አይፈግፍጉትም። ቆሻሻ ከነካው በወተት፣ በሕክምና የጨው ውሃ ወይም በተጎጂው ምራቅ ለአፍታ አለቅልቀው ወደ ቦታው ይመልሱትና ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ እንዲይዘው ያድርጉ። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ አድርገው ይውሰዱት፤ በወረቀት ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረቅ ግን ጥርሱን ይገድለዋል። ከአፍ ውጭ ደርቆ 60 ደቂቃ የቆየ ጥርስ በሥሩ ዙሪያ ያሉት ሕዋሳት ይተርፋሉ ተብሎ አይጠበቅም። የወተት ጥርስ ግን ከላዩ ወይም ከሥሩ ተኝቶ የሚጠብቀውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ስለሚችል ተመልሶ አይተከልም።

ጥርሱ የወለቀበትን ሰዓት፣ በምን ውስጥ እንደቆየና ሐኪሙ ስንት ሰዓት ላይ እንዳየው ያስታውሱ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ጥርሱ ወደፊት ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚያስፈልገው ስለሚያመለክቱ፣ የካሳ ጥያቄውን በሚመረምረው ሰው ዘንድም ክብደት አላቸው። የተሸረፈውን ስባሪ ካገኙት አይጣሉት፤ ሐኪሙ መልሶ ሊያጣብቀው ይችላል፤ ካልሆነም ማስረጃ ነው።

መድን ሰጪው «አደጋ» የሚለው ምኑን ነው?

ብዙዎቹ ውሎች አደጋን ድንገተኛ፣ ያልታሰበና ከሰውነት ውጭ ከሆነ ነገር የመጣ ክስተት ብለው ይተረጉሙታል። ደረጃ ላይ መውደቅ፣ የመኪና ግጭት፣ በኳስ ወይም በበር መመታት ይህንን ትርጉም ያለ ክርክር ያሟላሉ። መቦርቦር፣ የድድ በሽታ፣ በእንቅልፍ ልብ ጥርስ ማፋጨትና በዕድሜ ብዛት መመናመን አያሟሉም። ክርክር የሚነሣው በሁለቱ መካከል ባለው ቦታ ላይ ሲሆን፣ በዚያ ቦታ ላይ ከሚወድቁት ጉዳዮች መካከል የሚበዙት በምግብ ሰዓት የሚደርሱ ጉዳቶች ናቸው።

ምግብ ስበላ የተሰበረ ጥርስ ይካሳል?

በአብዛኛው አይካስም፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ማኘክ የጥርስ የዘወትር ሥራው ነው፤ ስለዚህ በሥራው ላይ እያለ የተሰበረ ጥርስ ከውጭ የመጣ ነገር ሰበረው ለማለት ያስቸግራል። ለምሳሌ በኒውዚላንድ የ2001 የአደጋ ካሳ ሕግ ጥርስ በተፈጥሯዊ አገልግሎቱ ላይ እያለ የሚደርስበትን ጉዳት ከአካል ጉዳት ትርጉም ውጭ አድርጎታል። የግል መድን ሰጪዎችም ተመሳሳይ ሐረግ በውላቸው ውስጥ ያስገባሉ።

ሌሎች ውሎች ደግሞ ምግቡ ውስጥ ሊኖር የማይገባው ባዕድ ነገር፣ ማለትም ጠጠር፣ ብረት ወይም የጠርሙስ ስባሪ ከነበረ ጉዳቱን እንደ አደጋ ይቆጥሩታል። የእርስዎ ውል ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ያንን ባዕድ ነገር አለማጣት ዋናው ጉዳይ ነው። ከአፍዎ አውጥተው በትንሽ ከረጢት ያስቀምጡት፣ ፎቶ ያንሡት፣ አብሮዎት የነበረ ሰው እንዲያየው ያድርጉ፣ ለሐኪሙም ያሳዩት። «ጠጠር ሳይሆን አይቀርም» የሚል ግምት ብቻ የያዘ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ውድቅ የሚሆነው መድን ሰጪው ስለ ጨከነ ሳይሆን፣ ጠንካራ ምግብም ሆነ ቀድሞ የተሰነጠቀ ጥርስ ያንኑ ድምፅና ያንኑ ስብራት ሊያስከትል ስለሚችል ነው።

ጥርሱ ከአደጋው በፊት የተሞላ ወይም የታከመ ከሆነ መብቴን አጣለሁ?

የግድ አያጡም። ጥያቄው «ጥርሱ ታክሞ ያውቃል ወይ?» ሳይሆን «ጥርሱን የሰበረው ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት። በደንብ የተሞላና ያለ ችግር ሲያገለግል የቆየ ጥርስ በብስክሌት እጀታ ተመትቶ ቢሰበር ሰባሪው እጀታው ነው። ሆኖም አንዳንድ ውሎች የሚክሱት ጤነኛ የተፈጥሮ ጥርስን ብቻ ስለሆነ፣ «ጤነኛ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ እንዴት እንደተተረጎመ ማየት ያስፈልጋል። ጥርሱ ቀድሞ ተዳክሞ ነበር ብሎ ያመነ መድን ሰጪ ደግሞ ሙሉውን ሳይሆን ከፊሉን ብቻ ልክፈል ሊል ይችላል።

እዚህ ላይ የሚረዳዎት የድሮ ካርድዎ ነው። ከአደጋው በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለምርመራ ሄደው ከነበረና በካርዱ ላይ በዚያ ጥርስ ስለ መቦርቦርም ሆነ ስለ ሕመም የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ ያችን ገጽና ራጅ ካለም ራጁን ያያይዙ። የቀድሞ ሕክምናን መደበቅ ግን በምንም መንገድ አይመከርም፤ ራጅ ሙሌትን በግልጽ ያሳያል፤ የተደበቀ ነገር ሲገኝ ደግሞ የእውነተኛው ክፍል ተአማኒነትም አብሮ ይጠፋል።

የሐኪሙ ማስረጃ ምን ምን መያዝ አለበት?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ይበልጣል። ሐኪሞች የሚሠሩት በጥድፊያ ነው፤ የሚጽፉትም ለሕክምናው የሚያስፈልገውን ያህል እንጂ ከአምስት ዓመት በኋላ ለሚያነበው የካሳ መርማሪ አይደለም። ሁለት አጻጻፎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው፦

«ወድቆ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል፤ ተሞልቷል።»

ሁለተኛው፦

«ዛሬ ጠዋት ደረጃ ላይ ተደናቅፎ በአፉ ወድቋል፤ በሐኪም የታየው ከወደቀ 2 ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው። ጥርስ 11፦ ኢናሜልና ዴንቲኑ ተሰብሯል፣ ነርቩ አልተጋለጠም፣ አይነቃነቅም። ጥርስ 21፦ ስብራት የለውም፣ መታ መታ ሲደረግ ያማል፣ በመጠኑ ይነቃነቃል። ጥርስ 12 እና 22፦ ምልክት አልታየባቸውም፤ ለቅዝቃዜ ምላሽ ሰጥተዋል። የላይኛው ከንፈር በውስጥ በኩል ተሰንጥቋል። ራጅ ተነሥቷል፤ የሥር ስብራት አልታየም። ጥርስ 11 እና 21 ወደፊት ነርቫቸው ሊሞት ስለሚችል ክትትል ያስፈልጋቸዋል።»

ኢናሜል የጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን ሲሆን ዴንቲን ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ቁጥሮቹ ጥርስን በሁለት አሃዝ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ አቆጣጠር የተከተሉ ናቸው፤ 11 የላይኛው ቀኝ የመሐል የፊት ጥርስ ሲሆን 21 ደግሞ የግራ ጎረቤቱ ነው። በመጀመሪያው ማስታወሻ መሠረት የተጎዳው አንድ ጥርስ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። በሁለተኛው መሠረት ግን 21 ከሦስት ዓመት በኋላ ቢጠቁርና የነርቭ ሕክምና ቢያስፈልገው፣ መነሻው በአደጋው ዕለት ተመዝግቦ ይገኛል። ሁለቱ ማስታወሻዎች የተጻፉት ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ አደጋ ሊሆን ይችላል፤ በካሳ ረገድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስለዚህ ከክሊኒኩ ከመውጣትዎ በፊት በትሕትና ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። የተሰበረው ብቻ ሳይሆን የተመታው ጥርስ ሁሉ፣ አጠገቡ ያሉትም ጭምር፣ በቁጥራቸው እንዲመዘገቡ፤ በከንፈር፣ በድድና በአገጭ ላይ ያለ ቁስል እንዲጻፍ፤ ወደፊት ሊመጣ የሚችለው ችግርም እንዲጠቀስ። በተለይ የከንፈሩ ቁስል ችላ አይባል። ጥርስ ራሱ በመቦርቦርም ሊሰበር ይችላል፤ በውስጥ በኩል የተሰነጠቀ ከንፈር ግን ምት ከውጭ እንደመጣ ይመሰክራል፤ ይህ ምስክር ደግሞ በቀናት ውስጥ ድኖ ስለሚጠፋ በዕለቱ ፎቶ መነሣት አለበት። ከንፈሩ ተቀድዶ የጥርሱ ስባሪ ከጠፋ፣ ስባሪው ከንፈር ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ የከንፈሩን ራጅ ማንሣቱም የተለመደ ነው።

የቅዝቃዜ ምርመራን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የተመታ ጥርስ ነርቩ በሕይወት እያለ እንኳ እስከ 3 ወር ድረስ ምላሽ ላይሰጥ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን «ምላሽ የለም» ተብሎ መጻፉ ጥርሱ ሞቷል ማለት አይደለም፤ «ምላሽ አለ» መባሉም ለዘለቄታው ደኅና ነው ማለት አይደለም። ምርመራው በየቀጠሮው መደገም ያለበት ለዚህ ነው።

በካሳ መጠየቂያው ቅጽ ላይ አደጋውን እንዴት ልግለጸው?

«ጥርሴ ተሰበረ» ብሎ መጻፍ ውጤቱን እንጂ አደጋውን አይገልጽም። የት፣ መቼ፣ ምን እያደረጉ እንደነበር፣ ምን እንደመታዎ፣ የትኛው የአካል ክፍልዎ ከምን ጋር እንደተጋጨና ማን እንዳየ በቅደም ተከተል ይጻፉ፦ «ከሥራ ስወጣ እርጥብ በነበረው ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ወደ ፊት ወደቅሁ፤ አፌም ከብረቱ መደገፊያ ጋር ተጋጨ፤ አብራኝ ትወርድ የነበረች ባልደረባዬ አይታለች።» ይህ ሁለት መስመር ድንገተኛነቱን፣ ያልታሰበ መሆኑንና ውጫዊውን ምክንያት በአንድነት ይዟል።

ቅጹ፣ የሐኪሙ ካርድና ሌላ ዘገባ ካለ፣ ለምሳሌ የፖሊስ፣ የትምህርት ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት የአደጋ መዝገብ፣ በአንድ ቃል ሊናገሩ ይገባል። በአንዱ ላይ «ወደቀ» በሌላው ላይ «በኳስ ተመታ» ተብሎ ከተገኘ፣ ስሕተቱ የጸሐፊው ቢሆንም እንኳ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። የካርዱን ቅጂ ወስደው ቅጹን ከመሙላትዎ በፊት ያንብቡት። የተሳሳተ ነገር ካለ ሐኪሙ በቀንና በፊርማ እንዲያርመው ይጠይቁ እንጂ ቅጹን ከስሕተቱ ጋር አያስማሙ።

እስከ መቼ ማሳወቅ አለብኝ?

የማሳወቂያው ጊዜ በውሉ ላይ ተጽፏል፤ ከውል ውልም ይለያያል። ምን ያህል እንደሚያስወጣዎት እስኪታወቅ አይጠብቁ። አደጋው መድረሱን ብቻ በጽሑፍ አሳውቀው ሰነዶቹን ኋላ ማሟላት ይቻላል። ጊዜው ካለፈም ምክንያቱን ገልጸው ያሳውቁ፤ ከዚያ በላይ መዘግየት ነገሩን ያባብሰዋል።

ሕክምናውን ከመጀመሬ በፊት ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ደም ማቆም፣ ጥርስን መልሶ መትከል፣ ከጎረቤቱ ጋር በሽቦ ማሰርና ሕመም ማስታገስ አስቸኳይ ስለሆኑ አይጠበቅባቸውም። ክራውን (ጥርሱን የሚያለብስ ሽፋን)፣ ብሪጅ (ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚያያዝ ምትክ ጥርስ) ወይም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ግን ሌላ ደረጃ ናቸው። ለእነዚህ ሐኪሙ የሕክምና ዕቅድና የዋጋ ግምት ጽፎ ይስጥዎትና የመድን ሰጪውን መልስ በጽሑፍ ይጠብቁ። በስልክ የተሰጠ ይሁንታ ኋላ የሚያስታውሰው ሰው ላይገኝ ይችላል።

መድን ሰጪው የሚከፍለው ለጉዳቱ ተገቢና አስፈላጊ ለሆነው ሕክምና ነው፤ ከዚያ የሚበልጠውን ከመረጡ ልዩነቱ የእርስዎ ይሆናል። የካሳው ጣሪያ በአደጋ ነው ወይስ በጥርስ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ መጀመሪያ እርስዎ የሚሸፍኑት መጠን አለ ወይ የሚሉትንም ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ያረጋግጡ።

ጥርሱ ከዓመታት በኋላ ቢበላሽስ?

የተመታ ጥርስ ነርቭ ቀስ ብሎ ሊሞት ይችላል። ጥርሱ ይበልዛል፣ ጫፉ ላይ መግል ይቋጠራል፣ ሥሩ ከውጭ ወይም ከውስጥ እየተበላ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ከአጥንቱ ጋር ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዓለም አቀፉ የጥርስ አደጋ ማኅበር መመሪያ ወልቆ ለተተከለ ቋሚ ጥርስ ከ2 ሳምንት፣ ከ4 ሳምንት፣ ከ3 ወር፣ ከ6 ወርና ከ1 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ እስከ 5 ዓመት በየዓመቱ ክትትል እንዲደረግ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጠሮዎቹን መጠበቅ ጥርሱን ያድናል፤ ከዚያም በላይ በአደጋውና በኋላ በመጣው ችግር መካከል ያለው ክር እንዳይበጠስ ያደርጋል። አራት ዓመት ሙሉ ሐኪም ሳያይ ቆይቶ የጠቆረ ጥርስ ይዞ የሚመጣ ሰው ያንን ክር እንደገና መፍተል ይኖርበታል፤ ይህም ይከብዳል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ ነው፤ አንዳንድ ውሎች የሚከፍሉት ከአደጋው ቀን አንሥቶ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ለተደረገ ሕክምና ብቻ ነው። ገደቡ ከማለፉ በፊት ሐኪሙ ገና የሚቀረውን ሕክምና በጽሑፍ እንዲገልጽ አድርገው ጊዜው እንዲራዘም ወይም ወጪው አስቀድሞ እንዲታሰብ ይጠይቁ። ሁለተኛው የማጠቃለያ ፊርማ ነው። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» የሚል ሰነድ ላይ ከፈረሙ በኋላ የሚሞት ነርቭ በእርስዎ ኪሳራ ይሞታል። የሙሌቱ ወጪ ይከፈልዎት፤ ነገር ግን ክፍያው ከፊል መሆኑና የወደፊቱ ጉዳት ክፍት መሆኑ በሰነዱ ላይ ይስፈር። ገንዘቡ በአስቸኳይ ሲፈለግ ይህን አንቀጽ አንብቦ መቆም ከባድ እንደሆነ እረዳለሁ፤ ቢሆንም ለአንድ ቀን ወደ ቤት ወስደው ያንብቡት።

የልጆች ጥርስ የተለየ ነገር አለው?

በጣም የተለየ ነው። ኢምፕላንት ከመንጋጋ አጥንት ጋር አብሮ አያድግም፤ ስለዚህ የልጁ መንጋጋ ማደግ እስኪያቆም ድረስ አይተከልም። በ9 ዓመቷ የፊት ጥርሷን ያጣች ልጅ የመጨረሻውን ሕክምና የምታገኘው ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያው በሚወልቅ ጥርስ ወይም ከጎረቤት ጥርስ ጋር በተጣበቀ ጊዜያዊ ብሪጅ ትቆያለች፤ እነዚህም ልጅቷ ስታድግ ይለወጣሉ። የካሳው ስሌት ዛሬ የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ይህንን ሁሉ ጉዞ ማካተት አለበት። የልጁ ሽፋን በስንት ዓመቱ እንደሚያበቃም ቀድመው ይወቁ።

የወተት ጥርስ «ለነገሩ ይወልቃል» ተብሎ የሚታለፍበት ልማድ ብዙ ልጆችን ጎድቷል። ወደ ድድ ውስጥ የተገፋ የወተት ጥርስ እየተሠራ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊነካው ይችላል፤ ጉዳቱም ነጭ ወይም ቡናማ ምልክት፣ አንዳንዴም የተጣመመ ጥርስ ሆኖ ይወጣል። በ2 ዓመቱ የወደቀ ሕፃን የፊት ቋሚ ጥርሱ የሚበቅለው በ7 ዓመቱ ገደማ ስለሆነ ወላጅ ይህንን ለማየት አምስት ዓመት ይጠብቃል። ምንም ሕክምና ባያስፈልግም እንኳ አደጋው በዕለቱ ይመዝገብ፤ ለመድን ሰጪውም ይነገር።

ሰው ሠራሽ ጥርሴ ቢሰበርስ?

አንዳንድ ውሎች የሚሸፍኑት አፍ ውስጥ እያለ ከተሰበረ ብቻ ነው፤ ከእጅ ወድቆ ወይም በተቀመጠበት የተሰበረውን እንደ ንብረት እንጂ እንደ አካል አያዩትም።

ጥፋቱ የሌላ ሰው ከሆነ ወይም ሁለት መድን ካለኝ?

ለሁሉም ያሳውቁ፤ በየቅጹም ላይ ሌላኛውን ይጥቀሱ። የሕክምና ወጪን የሚተካ መድን አንድን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አይከፍልም፤ ለደረሰው ጉዳት ቁርጥ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ የአደጋ መድን ግን ከሌላው ጋር ተደርቦ ሊከፈል ይችላል። ጥፋተኛው ወገን በሽምግልና ልካስዎት ካለ፣ መድን ሰጪዎ ሳያውቅ አይስማሙ። መድን ሰጪው ከከፈለዎት በኋላ ገንዘቡን ከጥፋተኛው የመጠየቅ መብት ስለሚኖረው፣ ያንን መብት የሚዘጋ ፊርማ የእርስዎን ካሳም ሊያስቀር ይችላል።

ጥያቄዬ ውድቅ ቢደረግ ምን ላድርግ?

የተከለከሉበትን ምክንያትና የውሉን አንቀጽ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከዚያም ለዚያ አንቀጽ ብቻ መልስ ይስጡ። የተባለው «ጉዳቱ ከአደጋው ጋር አይገናኝም» ከሆነ፣ ደረሰኝ እየደራረቡ መላክ ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው የሐኪም ተጨማሪ ደብዳቤ ነው። «ጥርሱ ቀድሞ የተበላሸ ነበር» ከሆነ የድሮው ራጅ ያስፈልጋል። «ሕክምናው ከሚገባው በላይ ነው» ከሆነ ደግሞ ርካሹ አማራጭ ለምን እንደማይሠራ የሚያስረዳ ዕቅድ ያስፈልጋል።

ደብዳቤውን የሚጽፈው ሐኪም «ጉዳቱ በአደጋ የደረሰ ነው» ብሎ ከመደምደም ይልቅ ወደዚያ ያደረሰውን መንገድ ቢያሳይ ይመረጣል፦ ስብራቱ አዲስና ጠርዙ የሾለ መሆኑን፣ መቦርቦር አለመታየቱን፣ ከምቱ አቅጣጫ ጋር መስማማቱን፣ ከንፈሩም በዚያው በኩል መቁሰሉን። ሐኪሙ ፈቃደኛ ካልሆነ ወይም መድን ሰጪው ካልተቀበለው፣ በጉዳዩ ያልነበረ ሌላ የጥርስ ሐኪም ካርዱንና ራጁን አይቶ አስተያየቱን እንዲጽፍ ማድረግ ይቻላል። ይህም ካልሠራ በመጀመሪያ በድርጅቱ ውስጥ ላለው የቅሬታ ክፍል፣ ቀጥሎ መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው አካል፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። ከቅሬታ ክፍሉ ጋር የሚደረገው ደብዳቤ መጻጻፍ የይርጋውን ጊዜ ላያቆመው ስለሚችል፣ የክስ ማቅረቢያው ቀን የሚያልፈው መቼ እንደሆነ ከመጀመሪያው የውድቅ ደብዳቤ ቀን አንሥተው በጽሑፍ ይያዙ።